የመንግሥት የተባለችው ጀልባ

ይድረስ እንደ እናት ላሳደግሽኝ እኅቴ፣ ለእትዬ፤

እንደምን ሰንብተሻል? ብርድ ሲገባ የሚነሣብሽ የጉልበት ሕመም ተሻለሽ ወይ? ባለቤትሽስ እንዴት ናቸው፣ የሌሊቱን ሥራ በቀን ቀየሩላቸው? ልጆቹስ? ትልቁ ድምፁ መጎርነኑን ሳላውቅ ባለፈው ስልኩን ሲያነሣ የተሳሳትኩ መስሎኝ ልዘጋበት ነበር። እኛ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና በሕይወት አለን። እማዬም አለች። ይህን ከሁሉ አስቀድሜ የጻፍኩት አውቄ ነው፤ ወረቀቱን ስትከፍቺ ዓይንሽ መጀመሪያ የሚፈልገው እሱን ነው።

ያን ዕለት ስትደውዪ ድምፅሽ ሲንቀጠቀጥ ሰምቻለሁ። "ጀልባዋ ሰጠመች አሉኝ፣ እውነቱን ንገረኝ" እንዳልሽ መስመሩ ተቋረጠ። በኋላ ብንገናኝም ነገሩ በስልክ የሚያልቅ አልሆነም፤ ደግሞ ባለቤቴ አጠገቤ ቆማ "ግድግዳ ጆሮ አለው" እያለች እጅጌዬን ትጎትታለች። ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ እንዲሉ ከመጀመሪያው ልጻፍልሽ። አልሰጠመችም። ግን ለጥቂት ነው። መሪውን የያዝኩት እኔ ነበርኩ፤ እማዬም ውስጧ ነበረች።

አንቺ ስትሄጂ የጀልባ ድርጅቱ ምን ይመስል እንደነበር ታስታውሻለሽ። አሁንም ሁለቱ ትልልቅ ጀልባዎች ወደ ገበያው ከተማ ይመላለሳሉ፤ ነጋዴ ከነጭነቱ ስለሚሞላባቸው ያተርፋሉ። እኔ የምነዳት ሦስተኛዋ ናት። "አሮጊቷ" ነው የምንላት። ሐይቁን አቋርጣ እማዬ ወደምትኖርበት ዳርቻ የምትሻገረው እሷ ብቻ ስትሆን፣ የምትጭነውም ሕመምተኛ፣ ተማሪ፣ ጥቂት ፍየልና ጥቂት ጆንያ ነው። ነዳጇን እንኳ አትችልም። የሁለቱ ትርፍ የእሷን ኪሳራ እየሸፈነ እስከ ዛሬ ኖረናል።

ዓምና ማለቂያው ላይ ድርጅቱ ወደ ግል ሊዛወር ነው የሚል ወሬ መጣ። መጀመሪያ ሹክሹክታ ነበር፤ በኋላ ሥራ አስኪያጁ እኛን ጥገና ክፍል ውስጥ ሰብስበው "እውነት ነው፣ ጥናቱ ተጀምሯል" አሉን። ከዚያ ቀን ወዲህ የሰዉ ጠባይ ተለወጠ። አብረው ሻይ ሲጠጡ የኖሩ ሰዎች "ከእኔና ከእሱ ማን ይቀነስ ይሆን" እያሉ በዓይን ይለካኩ ጀመር። የሒሳብ ክፍሏ ሴትዮ ያለወትሮዋ ለሁሉም ሰላምታ አበዛች፤ የመጋዘኑ ኃላፊ ደግሞ ሰላምታውን ጭራሽ ተወው። እኛም ቤታችን ስጋት ገባ። የምንኖርበት ቤት የድርጅቱ ነው። ትንሹን ልጅ ትኩሳት ሲይዘው ይዘነው የምንሮጠው ክሊኒክም የድርጅቱ ነው። ድርጅቱ ተሸጠ ማለት እኛም ከነአልጋችን ተሸጥን ማለት መሰለን። ባለቤቴ ዕቃ ስትገዛ "ለመጓዝ የሚቀለውን" ትል ጀመር።

እውነቱን ለመናገር እኔም "ይሸጥና ይገላግለን" ያልኩበት ቀን ነበር። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚለውን እንደ መመሪያ ይዞ ስንቱ አለቃ መጥቶ ሄደ! መዋኘት ቀርቶ ውሃ ዳር መቆም የሚፈራ የአንዱ አለቃ አማች የጀልባዎች ተቆጣጣሪ ሆኖ ተሹሞብን ያውቃል። ሪፖርቱን የሚጽፈው ከመስኮት እያየ ነበር። ግን ገዢ የተባሉት ሰዎች መጥተው ሲጎበኙ ሁለቱን ጀልባዎች ብቻ እየዞሩ ፎቶ አነሡ። አሮጊቷን ቀና ብሎ ያያት የለም። ያን ጊዜ ነው ሐሳቤን የቀየርኩት። ሥጋውን የሚፈልግ አጥንቱን ለማን ይተዋል አልኩ።

ከሁሉ የከፋው ከወሬው ጊዜ ጀምሮ ጥገና መቆሙ ነው። የአሮጊቷ ሆድ ከሞተሩ ሥር ባለው በኩል ዝገት በልቶት ብረቱ በጣት ሲነኩት ይፈረፈር ነበር። መካኒካችን ጋሽ ግራሶ ይባላል፤ አንቺ ከሄድሽ በኋላ የመጣ ነው፤ እጁ ከሞተር ቅባት፣ ከግራሶ ጠርቶ ስለማያውቅ ነው ስሙን ያወጣንለት። እሱና እኔ ሆነን ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባንና ብረቱ ተቆርጦ አዲስ ካልተበየደ አደጋ እንደሚመጣ ነገርናቸው። ክፉ ሰው አይደሉም እትዬ፤ እሳቸውም ፈርተዋል፤ ስናወራቸው በሩን በሩን ነበር የሚያዩት። "ሊሸጥ ለተቃረበ ንብረት አዲስ ወጪ አይፈቀድም፣ የሚገዛው ያድሳታል" አሉን። "የሚገዛው ማነው?" ብንል "ገና አልታወቀም" አሉ። እንግዲህ አስቢው፤ የያዛት "ከእጄ ልትወጣ ነው" ይላል፤ የሚይዛት ገና አልመጣም፤ በመካከል እኛ ሰው ጭነን እንመላለሳለን። ጋሽ ግራሶ የሳሳውን ቦታ በጨርቅና በሲሚንቶ ደፍኖ "እንግዲህ ተራው የፈጣሪ ነው" ብሎ እጁን ጠረገ።

የአደጋው ዕለት ጠዋት እማዬ የልብ ሐኪሟን አይታ፣ እኛ ዘንድ አድራ፣ ወደ ቤቷ ልትመለስ ተሳፈረች። እንደ ልማዷ ከእኔ ጀርባ ያለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። አጠገቧ ከዋናው መሥሪያ ቤት ጥናቱን ለመሥራት የመጣች ባለሙያ ነበረች፤ የማዶውን ዳርቻ በዓይኗ ለማየት ብላ ነው የተሳፈረችው። ረጋ ያለች፣ ሰው ስታናግር ፊት ለፊት የምታይ ሴት ናት። እማዬን ታውቂያት የለ፣ አጠገቧ የተቀመጠ ሰው ታሪኩን ሳይናገር አይወርድም። ጥቂት እንደሄድን "ልጄ፣ አንቺ የተማርሽ ነሽ፤ ይቺ ጀልባ የመንግሥት ናት ይሉኛል። የመንግሥት ማለት የማን ማለት ነው?" ብላ ጠየቀቻት።

ባለሙያዋ ጥያቄውን አልናቀችውም። "እማማ፣ የመንግሥት የልማት ድርጅት የሚባለው ካፒታሉን በሙሉ ወይም አብላጫውን መንግሥት ያዋጣበት፣ የመጨረሻውም ቃል የመንግሥት የሆነበት ድርጅት ነው። እንደ ሌላው መሥሪያ ቤት በበጀት ብቻ አይኖርም፤ እንደ ነጋዴ ይሸጣል፣ ያተርፋል፣ ይከስራል። ከነጋዴ የሚለየው ትርፉም ኪሳራውም ዞሮ ዞሮ የሕዝብ በመሆኑ ነው" አለቻት። እማዬ "ታዲያ መንግሥት ንግድ ውስጥ ምን ጥልቅ አደረገው?" አለች። ባለሙያዋ ሳቀችና በሀብታሙም በድሃውም አገር እንዲህ ያለ ድርጅት እንዳለ ነገረቻት። መብራት፣ ባቡር፣ ውሃና ስልክ ሲዘረጋ ወጪው ስለሚከብድ ነጋዴ ደፍሮ የማይገባበት ሥራ አለ አለች። በአንድ መንገድ ላይ ሁለት ሐዲድ መዘርጋት ከንቱ ስለሆነ አንድ ሻጭ ብቻ የሚበቃው ሥራም አለ፤ ያ አንዱ ሻጭ እንዳሻው እንዳይሆን መንግሥት ይይዘዋል። ደግሞ እንደዚህች ጀልባ ትርፍ የሌለው፣ ቢቀር ግን ሰው የሚጎዳበት አለ። በደንብ የተያዘው ለአገሩ ምሰሶ ይሆናል፣ ግብር ይከፍላል፣ ለብዙ ሰው እንጀራ ይሆናል፤ በክፉ የተያዘው ደግሞ የአገሩን ካዝና እንደ ቀዳዳ እንስራ ያደርቀዋል አለች።

እማዬ "እኔ ሕዝብ ነኝ አይደል? እንግዲያው ባለቤቷ እኔ ነኝ። ታዲያ ባለቤቲቱን ለምን ትኬት አስቆረጣችሁኝ?" ስትል ጀልባው በሙሉ በሳቅ ፈረሰ። ፍየል የያዘው ሰውዬ እንኳ "እኔም ባለቤት ነኝ፣ ፍየሎቼም በነጻ ይሂዱ" አለ። ባለሙያዋ ዓይኗን እየጠረገች "የሁላችን ሲሆን ነዳጁንም ሁላችን እንከፍላለን እማማ! ግን ቁም ነገሩን ልንገርዎት፤ የዚህ ዓይነት ድርጅት ትልቁ በሽታው ባለቤቱ ሲበዛ፣" ብላ ጀመረች። አልጨረሰችውም። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል፤ ተረት ይመስለኝ ነበር። የሞተሩ ድምፅ ወፈረ። መሪው እጄ ላይ ከበደ።

ነፋሱ ከጎን ተነሥቶ ነበር። ጋሽ ግራሶ ከታች ወጣ፤ አልጮኸም፤ ፊቱ አመድ መስሎ ጆሮዬ ሥር ተጠጋና "ድፍኑ ሄዷል፤ ውሃው ጉልበቴ ደርሷል፤ ፓምፑ ጭቃ ውጦ ቆመ" አለኝ። እትዬ፣ ፍርሃት አውቅ ነበር ብዬሽ ከሆነ ተሳስቻለሁ። ዞሬ እማዬን አላየኋትም፤ ካየኋት መሪውን የምለቀው መሰለኝ።

ሰዉ ሰማ። አንዲት እናት ልጇን ታቅፋ ተነሣች፤ ሌላው ወደ አንድ ወገን ሲሮጥ ጀልባዋ አዘነበለች። "ተቀመጡ! ከቦታችሁ የተነቃነቀ ይገለብጠናል!" ብዬ ጮህኩ፤ ድምፄን ራሴ አላወቅኩትም። የመንሳፈፊያ ሰደርያዎቹን አምጡ ብል ሣጥኑ ተቆልፏል። ቁልፉ የት ነው? ሰደርያዎቹ እንዳይሰረቁ ተብሎ ቁልፉ መጋዘን ነው የሚቀመጠው። የብስ ላይ! ባለ ፍየሉ ሰውዬ በብረት ሣጥኑን ሰበረው። ሰደርያዎቹ ለሁሉም አልበቁም፤ አንዳንዱም ገና ሲጎትቱት ማሰሪያው ተበጠሰ። ለልጆች ይሁን ተባለ። ማንም አልተከራከረም፤ ይህን ሁልጊዜ አስታውሰዋለሁ።

ከዚያ ባልዲ፣ ጀሪካን፣ የወጥ ድስት ሳይቀር ወጣ። ጋሽ ግራሶ ከታች ይቀዳል፣ ሰዉ እየተቀባበለ ይደፋል። ባለሙያዋ ጫማዋን አውልቃ ደረጃው ላይ ቆማ ስትቀባበል አየኋት፤ እጇ አላረፈም። ወደብ ድረስ እንደማንደርስ ገባኝ። ወደቡ ጋ ውሃው ጥልቅ ነው፤ እዚያ ብንወርድ ማንም አይተርፍም። ከወደቡ ወዲህ ከሸምበቆው አጠገብ አሸዋው ወደ ውስጥ ይገባል፤ ወደዚያ አዞርኳት። ሞተሩ አንዴ እየሳለ፣ አንዴ ዝም እያለ ወሰደን። ጠፍቶ የተነሣበት አንድ ጊዜ ነበር፤ ዝም ሲል የነፋሱ ድምፅ ብቻ ተሰማ፣ ከኋላዬም እማዬ ለማታውቀው ሕፃን "አይዞህ፣ አይዞህ" ስትል። ያን ድምፅ ነው የያዝኩት። በመጨረሻ ሆዷ አሸዋ ላይ ሲፋቅ ሰማሁ። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ ያለ ደስ የሚል ድምፅ ሰምቼ አላውቅም።

ሰው አልሞተም። ሰዉ እስከ ወገቡ ውሃ ውስጥ እየተራመደ ወጣ፤ እማዬን ባለ ፍየሉ ሰውዬ አዝሏት ወጣ፤ እሱ ዞሮ ሲያይ ግን ሁለት ፍየሎቹ አልነበሩም። ጋሽ ግራሶ ፓምፑን በእጁ ሊያስነሣ ሲል ሁለት ጣቶቹ ተጨፍልቀውበታል፤ ለእኔ የነገረኝ ሁላችንም ከወጣን በኋላ ነው። እኔ አሸዋው ላይ ተቀመጥኩ። እማዬ መጥታ ጭንቅላቴን ደረቷ ላይ አስጠጋች። የልቧ አመታት አስፈራኝ፤ እንደ ታሰረ ወፍ ነበር።

ሥራ አስኪያጁ በመኪና ሐይቁን ዞረው በማግሥቱ ደረሱ። የሰዉን ደኅንነት ጠየቁ፤ ከዚያ ግን ጀልባዋን እያዩ ላብ አጠመቃቸው። ገዢዎቹ በቅርብ ስለሚመለሱ ጀልባዋ እየሠራች መታየት አለባት፣ ቆማ ከታየች ዋጋው ይወርዳል፣ ጥፋቱም በእሳቸው ይሳበባል። "ድፈኗትና መንገደኛ ይዘህ ተመለስ" አሉኝ። እምቢ አልኩ። ጀግና ሆኜ አይደለም እትዬ፤ ከእሳቸው ይልቅ ውሃውን ስለፈራሁ ነው። "ቤቱ የድርጅቱ መሆኑን አትርሳ" አሉኝ ቀስ ብለው። ለባለቤቴ በስልክ ብነግራት "ልጆቹን የት አስገባቸዋለሁ?" ብቻ አለች።

በዚያ ላይ የእማዬ ነገር ነበር። ልቧ ከድንጋጤው በኋላ ተዛብቶ እግሯ ማበጥ ጀመረ። ሐኪሟ ያለው በእኛ በኩል ነው። ጀልባ ከሌለ መንገዱ በጭነት መኪና፣ ዙሪያ ጥምጥም፣ ጉድጓድ በጉድጓድ ነው። እኔ እምቢ ያልኳት ጀልባ የእናቴ ማሻገሪያ ናት። ብሄድ ሰው ላሰጥም ነው፤ ባልሄድ እናቴን ልገድል ነው። መሪ ይዤ እንዲህ ያለ ጭንቅ አላውቅም። እማዬ ገብቷት "እኔን ሰበብ አድርገህ የሰው ልጅ ጭነህ እንዳትገባ። ብትገባ አልሳፈርም" አለችኝ። በመኪና ወሰድኳት። እያንዳንዱ ጉድጓድ ላይ ፊቷን አያለሁ፤ እሷ ደግሞ እንዳልፈራ ብላ ስለ ሹፌሩ ጢም ትቀልዳለች። ደረስን። ሐኪሙ ተኚ አላት፤ ተኛች፤ ፈጣሪ ይመስገን ዳነች።

ባለሙያዋ ከእኛ በፊት ተመልሳ ነበር። የድርጅቱ ቦርድ ሲሰበሰብ እኔንም ለምርመራ ጠርተውኝ ስለነበር ያለችውን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ቁጣ አልነበረባትም። "ይሸጥ ወይስ አይሸጥ የሚለውን ጥናቱ ይመልሰዋል፤ እኔም ለመሸጥ የማደላ ነኝ። ግን ተሽጦ እስኪወጣ ድረስ ዛሬ ባለቤቱ መንግሥት ነው። ሰው ቢሞት ኖሮ የሚጠየቀው ያልመጣው ገዢ አልነበረም። ባለቤትነት ትርፍ መቁጠር ብቻ ከሆነ እሱን ማንም ይችላል" አለች። ከተሰብሳቢዎቹ አንዱ ስለ ደንቡ ተናገረ። ከብዙ ክርክር በኋላ ብረቱ ተገዛ። በያጆች አሸዋው ድረስ ሄደው ሆዷን ቆርጠው አዲስ አደረጉላት፤ ሣጥኑም ቁልፍ የለውም።

እኔን ግን ከመሪው አንሥተው ነዳጅ ማደያው ላይ መደቡኝ። "ለጊዜው፣ ለአንተው ዕረፍት" ነው ያሉት። ቤቱን አልወሰዱብንም፤ እሱም ለጊዜው ነው። ሁለቱ ትልልቅ ጀልባዎች ሊሸጡ ተወስኗል። አሮጊቷ በመንግሥት እጅ እንድትቀርና ኪሳራዋን ካዝናው እንዲከፍል ተብሏል፤ እስከ መቼ እንደሆነ የሚያውቅ የለም። "የትርፉ ጀልባ ሲሄድ የእሷን ኪሳራ ማን ያስታውሰዋል?" ብዬ ባለሙያዋን ብጠይቃት፣ "እኔም እሱን ነው የምፈራው" አለችኝ። ልታጽናናኝ ብትዋሽ ደስ ባለኝ ነበር።

አንቺ በስልክ ቢሸጥ ይሻላል ወይስ ባይሸጥ ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር። አላውቅም እትዬ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል፤ እኛ ዘንድ አጥሩ የተነቀነቀው ባለቤቱ መኖሩ ስለተረሳ ነው። መንግሥትም ይያዘው ነጋዴ፣ "የእኔ ነው፣ እኔ ልጠየቅ" የሚል ከጠፋ ብረቱ መዛጉን አይተውም። ከዚህ ያለፈ አልገባኝም።

እማዬን እኛ ዘንድ ቅሪ ብላት እምቢ አለች። ዶሮዎቿ፣ ጎረቤቶቿ፣ የገዛ በሯ ናፈቋት። ትናንት ጠዋት በአሮጊቷ ተሳፍራ ሄደች። ሌላ ሰው ነበር የሚነዳው። ማደያው ላይ ሆኜ ጀልባዋ እያነሰች ስትሄድ አየኋት፤ ነዳጅ የሚቀዳለት ሰው ሲጠራኝ አልሰማሁትም። እኩለ ቀን ሲሆን ደወለች። "ደርሻለሁ፣ አሁን ሥራህን ሥራ" አለችኝ። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ነገ ሌላ ሰው ይሳፈራል፣ በወሩ ደግሞ ሐኪሟን ለማየት እሷ ትመለሳለች፤ የፈሩት ይደርሳል የሚሉትን ለማሰብ አልፈልግም፤ ግን ነፋስ በተነሣ ቁጥር ወደ ውሃው አያለሁ።

አንድ ነገር ልለምንሽ። ስትደውዪላት ስለ ጀልባዋ አትጠይቂያት። አልፈራሁም የምትለው ሲጠይቋት ብቻ ነው። ስለ ዶሮዎቿ ጠይቂያት፤ እሱን ስታወራ ድምፅዋ ይመለሳል።

ባለቤትሽን እጅ ነሥቼ ሰላም እላለሁ፤ ስለ ላኩልኝ ሸሚዝ አመሰግናለሁ፣ አንገቱ ጠበበኝ እንጂ ያምራል። ለትልቁ ልጅሽ፣ ጎረምሳው አጎቱን ስልክ ላይ እንዳያስደነግጥ ንገሪልኝ። ለትንሿም ጉንጯን ስሚልኝ። ባለቤቴ "እትዬ ትጸልይልን" ብላለች፤ ትልቋ ልጄ እግር ኳስ ቡድን ገብታለች፣ ስላንቺም ለጓደኞቿ ታወራለች፤ ትንሹ ይህን ስጽፍ ጉልበቴ ላይ ተኝቷል። ጋሽ ግራሶም በቀሩት ጣቶቹ ሰላም ይልሻል፤ እንዲህ ብለህ ጻፍ ያለኝ ራሱ ነው።

የሚወድሽ ታናሽ ወንድምሽ

ከሐይቁ ዳር፣ ከድርጅቱ ሠራተኞች መኖሪያ
መጋቢት ፱ ቀን